ብላንኩ ሲጮህ ናሙናው አይሰማም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ፕሮቲዬዝ ናቸው። ፕሮቲን የሚቆርጠው ኢንዛይም ማለት ነው። የበላነውን ሥጋ ሆዳችን ውስጥ የሚፈጨው እሱ ነው፣ ደም ሲረጋም እጁ አለበት፣ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥም የልብስ ሳሙና ውስጥም ታገኙታላችሁ። መከራው የሚመጣው ኢንዛይሙ በጣም ጥቂት ሆኖ "አለ ወይስ የለም? ካለስ ምን ያህል ይሠራል?" ስንል ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ዲግሪ የባዮቴክኖሎጂ ተማሪ ነኝ። ቆዳ ፋብሪካ አካባቢ ካለ አፈር ባክቴሪያ ለይቼ ወተት ያለበት አጋር ላይ ሳሳድጋቸው ዙሪያቸውን ጥርት ያለ ቀለበት ይሠራሉ። ፈሳሹን ወስጄ በኬዚን (የወተት ፕሮቲን ነው) እና በፎሊን (ቀለም የሚሰጥ ኬሚካል) ስለካው ግን ከብላንኩ፣ ማለትም ኢንዛይሙ ሳይሠራ ከሚነበበው ማነጻጸሪያ፣ አይለይም። አማካሪዬ የፍሎረሰንስ ኪት እንግዛ አሉ፤ ዋጋውን ሳየው ደነገጥኩ። ያለን ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ነው። ምን ይሻለኛል? (ከባህር ዳር)

መልስ፦ ኪቱን ለጊዜው ተዪው። የብላንክሽ ንባብ ስንት ነው? "አይለይም" ብለሻል እንጂ ቁጥሩን አልጻፍሽም፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ማየት የምፈልገው እሱን ነው። ረቂቅ ዘዴ ሲባል ብዙ ሰው ምልክቱን የሚያጎላ ነገር ይመስለዋል። ግማሹ ሥራ ግን ብላንኩን ዝም ማሰኘት ነው።

ፎሊን እንዴት እንደሚሠራ አስቢው። ኢንዛይሙ ኬዚኑን ይቆርጣል፣ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ (ከዚህ በኋላ ቲሲኤ እንበለው) ያልተቆረጠውን ያዘቅጣል፣ ትንንሾቹ ቁርጥራጮች ፈሳሹ ውስጥ ይቀራሉ፣ በውስጣቸው ያለው ታይሮሲንና ትሪፕቶፋን ፎሊኑን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ አንቺም በ660 ናኖሜትር ታነቢያለሽ። መሠረቱ አንሰን በ1938 እ.ኤ.አ. በሄሞግሎቢን የሠራው ዘዴ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ርካሽ ነው። ግን ፎሊን ታይሮሲኑ ከየት እንደመጣ አይጠይቅም። ባክቴሪያሽን ያሳደግሽበት ፈሳሽ ውስጥ ፔፕቶንና የእርሾ ጭማቂ ካለ፣ እነሱ ቀድሞውኑ የተቆራረጡ ፕሮቲኖች ስለሆኑ ቲሲኤ አያዘቅጣቸውም፤ ቀጥ ብለው ፎሊኑ ጋ ይደርሳሉ። ትሪስ ቡፈርም ይረብሻል፣ ዲቲቲና መርካፕቶኢታኖልማ ጭራሽ ራሳቸው ሰማያዊ ያደርጉታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ፈሳሹን አጽጂው። ሌሊቱን ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ዳያላይዝ አድርጊው (ትንንሹ ነገር ሾልኮ በሚወጣበት ከረጢት እጠቢው)፣ ወይም በአሞኒየም ሰልፌት አዝቅጠሽ በጥቂት ቡፈር አሟሚው። ሁለተኛው ኢንዛይሙንም ስለሚያከማችልሽ እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ ጨው የቀረበት ከመሰለሽ ከዚያ በኋላ ዳያላይዝ ማድረግ ትችያለሽ። ብላንኩንም በትክክል ሥሪው። ብዙ ተማሪ በኢንዛይሙ ቦታ ቡፈር ጨምሮ ብላንክ ይለዋል። አይደለም። ያው ኢንዛይም፣ ያው ኬዚን ይግባበት፤ ብቻ ቲሲኤው ከኬዚኑ በፊት ይጨመርና ኢንዛይሙ ሥራ ሳይጀምር ይሙት።

በቁጥር ላሳይሽ፣ ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ብቻ ናቸው። ስምንት ብላንክ ሠርተሽ አማካያቸው 0.600፣ መዋዠቃቸው (ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ) 0.030 ቢሆን፣ በተለመደው ስሌት አማካዩ ላይ ሦስት እጥፍ መዋዠቁን ስትደምሪ 0.690 ይመጣል። ከዚያ በታች ያለ ናሙና "አለ" አይባልም። ብላንክሽ ወደ 0.050 ወርዶ መዋዠቁ 0.004 ቢሆንስ? ወሰኑ ከብላንኩ በላይ 0.012 ብቻ ነው፣ ቅድም ግን 0.090 ነበር። ምንም ሳትገዢ ከሰባት እጥፍ በላይ አተረፍሽ።

ቀጥሎ ጊዜ። አጋሩ ላይ ያለው ባክቴሪያ አንድና ሁለት ቀን ሙሉ ኢንዛይም እያመረተ፣ ያመረተውም እየሠራ ነው ያደረው። ቱቦሽ ውስጥ ግን የሰጠሽው ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ከሆነ 10 ደቂቃ ነው። የቀለበቱ ስፋትም ከኢንዛይሙ መጠን ጋር እኩል አያድግም፤ ኢንዛይሙ እጥፍ ሲሆን ቀለበቱ ትንሽ ብቻ ነው የሚሰፋው። ሲያምር አይተሽ "ብዙ አለ" ብለሽ አትደምድሚ። ቱቦውን ሁለት ሰዓት አቆዪው፣ በ30፣ በ60 እና በ120 ደቂቃ ቅጂለት፤ ነጥቦቹ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ከዋሉ 12 እጥፍ ምልክት በነጻ አገኘሽ ማለት ነው። ማሳደር ከፈለግሽ ደግሞ ኢንዛይሙንም ኬዚኑንም በ0.22 ማይክሮሜትር ማጣሪያ አሳልፊ፤ አለበለዚያ ሌሊት የበቀለ ባክቴሪያ ነው ጠዋት የምትለኪው። አንዳንዱ ሶዲየም አዛይድ ጨምሩ ይላል። አዛይድ ያለበት ቱቦ ላይ ቲሲኤ ስትጨምሪ ግን መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ እኔ አልመክርም።

ፒኤቹስ? የቆዳ ፋብሪካ አካባቢ ኖራ የለመደ አፈር ነው፣ ባክቴሪያዎችሽ አልካላይን ወዳድ ሊሆኑ ይችላሉ። እንደ አብጃታ ካሉ የስምጥ ሸለቆ ሶዳ ሐይቆች የተለዩ፣ የዶሮ ላባ ላይ የሚያድጉ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ፕሮቲዬዛቸው የሚደራው ፒኤች 10 እና 11 አካባቢ ነው። እንዲህ ያለውን ፒኤች 7 ላይ ለክቶ "የለም" ማለት ግፍ ነው። 7፣ 9 እና 10 ላይ ሞክሪ። ወደ አሲድ መውረድ ካማረሽ ግን ኬዚን 4.6 አካባቢ ራሱ ይረጋል፤ ያን ጊዜ ሄሞግሎቢን ነው የሚያዋጣው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ካልበቃ ወደ አዞኬዚን ሂጂ። ብርቱካናማ ቀለም የተለጠፈበት ኬዚን ነው። ከቲሲኤ በኋላ ፈሳሹ ውስጥ የቀረውን ቀለም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጨምረሽ በ440 ናኖሜትር ታነቢያለሽ። ፔፕቶኑ ቀለም ስላልተለጠፈበት አያስቸግርም፤ ያለሽ ስፔክትሮፎቶሜትርም ይበቃል። ፍሎሮሜትር ያለው ጎረቤት ዲፓርትመንት ካገኘሽ ደግሞ ኪት ሳትገዢ ኬዚን ላይ ፍሎረሲን ራስሽ መለጠፍ ትችያለሽ፦ ኬዚንና ኤፍአይቲሲ (ፕሮቲን ላይ የሚለጠፍ ፍሎረሲን) አልካላይን በሆነ የካርቦኔት ቡፈር አዋህደሽ፣ ያልተለጠፈውን ቀለም በዳያሊሲስ አጥበሽ ታወጪዋለሽ። ትዊኒንግ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ዘዴ ነው፣ ትሪፕሲን የተባለውን ፕሮቲዬዝ በናኖግራም ደረጃ ያያል። ማጠቡ ላይ አትስነፊ፣ ነጻ የቀረ ቀለም ሁሉ ብላንክ ነው። ደግሞ ፍሎረሲን አሲድ ውስጥ ብርሃኑ ይሞታል። ቲሲኤ ያለበትን ፈሳሽ እንዳለ አታንብቢ፤ ፒኤች 8.5 አካባቢ ባለ ጠንካራ ትሪስ አቅልለሽ ነው የሚነበበው። (አዎ፣ ትሪስ። እዚህ ፎሊን የለም።)

አንድ የመጨረሻ ነገር። ኢንዛይም በጣም ሲቀጥን የፕላስቲክ ቱቦ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። መጽሐፍ ሁሉ አልቡሚን ጨምሩ ይላል፣ አንቺ ግን ፕሮቲዬዝ ነው የምትለኪው፤ አልቡሚኑን ራሱን ሊበላው ይችላል። በምትኩ 0.01 በመቶ ትራይተን (ለስላሳ የላብራቶሪ ሳሙና) ይበቃል።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። የሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድኃኒት) መጠን የምናይበት አንቲ-ቴንኤ የሚባለው ምርመራ የፕሮቲዬዝ ልኬት ነው የሚለኝ ባልደረባ አለ። እውነት ነው? (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ እውነቱን ነው። ደም በማርጋት ሥራ ላይ ያለው ፋክተር ቴንኤ ራሱ ፕሮቲዬዝ ነው። የታወቀ መጠን ያለው ቴንኤ ፕላዝማው ላይ ይጨመራል፣ ሄፓሪኑ አንቲትሮምቢን በተባለው የደም ፕሮቲን በኩል የቻለውን ያህል ይይዘዋል፣ የተረፈው ቴንኤ አጭር ፔፕታይድ ይቆርጥና ቢጫ ቀለም ይለቃል፤ ማሽናችሁ በ405 ናኖሜትር ያነባል። ንባቡ የተገላቢጦሽ ነው፦ ቢጫው ሲቀንስ ሄፓሪኑ ብዙ ነው።

እዚህም ብላንክ አለ። ዓይኑ ቢጫ የሆነ በሽተኛ ፕላዝማው ራሱ ቢጫ ነው። ቢሊሩቢኑ ሲበዛ ሄፓሪኑ ከእውነተኛው ያነሰ ሊመስል ይችላል፤ በዚያ ቁጥር ተመርቶ መድኃኒት መጨመር ደግሞ ደም መፍሰስ ሊያመጣ ይችላል። ሬጀንቱ እስከ ስንት ቢሊሩቢን እንደሚታገሥ አብሮት የሚመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል፣ ይመልከቱት።

ጥያቄ፦ ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ የጥራት ባለሙያ ነኝ። በከፍተኛ ሙቀት ታክሞ የታሸገ ወተት ከወራት በኋላ ይመርራል፣ አንዳንዱም እንደ እርጎ ይይዛል። ባክቴሪያ ስንፈልግ ዜሮ ነው። ፕሮቲዬዝ ብንለካም ምንም አናገኝም። ታዲያ ወተቱን ምን ነካው? (ከቢሾፍቱ)

መልስ፦ ባክቴሪያው ሞቷል፣ ኢንዛይሙ ግን አልሞተም። ጥሬ ወተት ቀዝቅዞ ሲቆይ ቅዝቃዜ የማይበግራቸው ሱዶሞናስ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ቀስ እያሉ ይራባሉ፤ የሚለቁት ፕሮቲዬዝ (ኤፒአርኤክስ ይባላል፣ ዚንክ ያለው ነው) ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሰከንድ ቢሞቅም በከፊል ይተርፋል። ሌላው ተጠርጣሪ ከላሟ ደም ወደ ወተቱ የሚገባው ፕላዝሚን ነው፤ እሱም ሙቀት ይችላል። የተረፈው መጠን እጅግ ትንሽ ነው፤ ግን መደርደሪያ ላይ ለወራት ይሠራል። የእናንተ ልኬት ግማሽ ሰዓት ነው። እንዴት ይገናኛሉ?

እኔ ብሆን ኢንዛይሙን ትቼ የሠራውን ሥራ ነበር የምለካው። ከአንድ ቀን ምርት የተወሰኑ ፓኮዎችን ሳይከፍቱ 37 ዲግሪ ላይ፣ ሌሎቹን ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡ። በየሳምንቱ አንዳንድ እየከፈቱ በቲሲኤ ካዘቀጡ በኋላ ፈሳሹ ውስጥ የቀሩትን ፔፕታይዶች (አጫጭር የፕሮቲን ቁራጮች) ኦፒኤ በሚባል ኬሚካል ይለኩ፤ በ340 ናኖሜትር ስለሚነበብ ያው ስፔክትሮፎቶሜትር ይበቃል። ፍሎሮሜትር ካለ ፍሉረስካሚን ከዚያ የበለጠ ጥቂቱን ያያል። ሁለቱም የሚይዙት ነጻ የአሚን ጫፍ ነው፣ ፕሮቲን በተቆረጠ ቁጥር አዲስ ጫፍ ይወጣል። ብላንኩ ከፍሪጁ የወጣው ፓኮ ነው፣ ስለዚህ ወተቱ ውስጥ ድሮም የነበረው አሚን ይቀነሳል።

ወንጀለኛውን ለመለየትም ውድ ነገር አያስፈልግም። ተመሳሳይ ወተት በሁለት መንገድ ያዘቅጡ፦ አንዱን ፒኤች 4.6 ላይ፣ ሌላውን በ12 በመቶ ቲሲኤ። ፕላዝሚን በአብዛኛው ትልልቅ ቁራጭ ነው የሚተወው፤ እነዚያ ፒኤች 4.6 ላይ ሟሙተው ይቀራሉ፣ በ12 በመቶ ቲሲኤ ግን ይዘቅጣሉ። የባክቴሪያው ኢንዛይም ትንንሽ አድርጎ ስለሚከትፍ ቁራጮቹ በሁለቱም ውስጥ ይገኛሉ። ማረጋገጫ ከፈለጉ አፕሮቲኒን ፕላዝሚንን ይገታል፣ የባክቴሪያውን ግን አይነካም።

አንድ ወጥመድ አለ። ወተት ነጭ ስለሆነ ብርሃን አያሳልፍም፣ ስለዚህ አንዳንድ ፕሮቶኮል ኢዲቲኤ ጨምራችሁ አጥሩት ይላል። ኢዲቲኤ ብረት ነጣቂ ነው፣ የዚንኩን ኢንዛይም ይገድለዋል። ከዚያ በኋላ "ፕሮቲዬዝ የለም" የሚል ውጤት ቢወጣ አይገርምም። እናንተም "ምንም አናገኝም" ያላችሁት በዚህ ምክንያት እንዳይሆን ፕሮቶኮላችሁን አንድ ጊዜ ያንብቡት።

እና ጥሬ ወተቱን ጠብቁ። ከታሸገ በኋላ የሚደረግ ምንም ነገር የለም። ከ4 ዲግሪ በታች፣ ቢቻል ከሁለት ቀን ሳያልፍ።

ጥያቄ፦ ለዶክትሬት ጥናቴ ሴረም (ደም ከረጋ በኋላ የሚቀረው ፈሳሽ) ውስጥ ፕሮቲዬዝ እየለካሁ ነው። ኤላይዛ (በአንቲቦዲ የሚለካው ምርመራ) ብዙ አለ ይላል። ፍሎረሰንት ፔፕታይድ ስጨምር ይቆርጣል። ኬዚን ላይ ግን ዜሮ። ዛይሞግራም ደግሞ ደማቅ ባንድ ያሳየኛል። ማንን ልመን? (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ ሁሉንም። አራቱም የተለያየ ጥያቄ ነው የመለሱልህ።

ኤላይዛ የሚቆጥረው ሞለኪውሉን ነው። ገና ያልነቃውን፣ የታሰረውን፣ የሞተውንም አብሮ ይቆጥራል። የፔፕታይዱና የኬዚኑ ጠብ ግን የቆየ ታሪክ ነው፣ ስሙም አልፋ-2-ማክሮግሎቡሊን ይባላል። ደም ውስጥ በብዛት ያለ ግዙፍ ፕሮቲን ነው፣ 720 ኪሎዳልተን አካባቢ። ፕሮቲዬዝ ሲነክሰው ቅርጹን ቀይሮ እላዩ ላይ ይዘጋበታል፣ ልክ እንደ አይጥ ወጥመድ። የተያዘው ኢንዛይም መቁረጫው አልተነካም፤ ትንሽ ፔፕታይድ በቀዳዳው ሾልኮ ሲገባለት ይቆርጠዋል፣ ኬዚንን የሚያህል ፕሮቲን ግን ሊገባ አይችልም። ስለዚህ ፔፕታይዱ ላይ ያየኸው ብርሃን በሰውነት ውስጥ ምንም ጉዳት የማያደርስ እስረኛ ሊሆን ይችላል።

ዛይሞግራሙም የራሱ ጣጣ አለው። ጄሉ ውስጥ ጄላቲን ተቀላቅሎ፣ ናሙናው ሳይፈላ ተነድቶ፣ ኤስዲኤሱ (ፕሮቲን የሚፈታው ኃይለኛ ሳሙና) በትራይተን ታጥቦ፣ ሌሊት ሲያድር ኢንዛይሙ ያለበት ቦታ ይበላና በኩማሲ ቀለም ሰማያዊ መሐል ነጭ ባንድ ይወጣል። በጣም ጥቂቱን ያያል፣ ክብደቱንም ይነግርሃል፣ እኔ በጣም ነው የምወደው። ግን ኤስዲኤስ አጋቾቹን ያላቅቃል፣ ያልነቃውንም ፈትቶ ያነቃዋል። 92 ኪሎዳልተን ላይ የምታየው ኤምኤምፒ-9 የተባለ ፕሮቲዬዝ ሴረምህ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ሊሆን ይችላል። ባንዱ "ነበር" ይልሃል እንጂ "ይሠራ ነበር" አይልህም። ሴረም መሆኑም ራሱ ጥያቄ ያስነሳል፤ ደም ሲረጋ ነጭ የደም ሴሎች ኤምኤምፒ-9 ይለቃሉ። ፕላዝማ ይሻል ነበር፤ የኢዲቲኤ ቱቦ ግን ኤምኤምፒን ይገድላል፣ በሄፓሪን ወይም በሲትሬት ይቀዳልህ። ሲትሬትም ካልሲየም ስለሚይዝ መለኪያ ቡፈርህ ላይ በቂ ካልሲየም ጨምር።

አንተን የሚጠቅምህ ጥምር ዘዴ ይመስለኛል። ኢንዛይሙን ሳህን ላይ በተለጠፈ አንቲቦዲ ያዘው፣ ሴረሙን አጥበህ ጣለው፣ ከዚያ ፍሬት ፔፕታይድ ጨምር። ፍሬት ማለት አንድ ጫፉ ላይ የሚያበራ፣ ሌላው ጫፍ ላይ ብርሃኑን የሚውጥ ሞለኪውል ያለበት ፔፕታይድ ነው፤ ሲቆረጥ ሁለቱ ይለያዩና ያበራል። በ1990 እ.ኤ.አ. ለኤችአይቪ ፕሮቲዬዝ በኤዳንስና በዳብሲል ተሠርቶ ነው ስሙ የገነነው። ሴረሙ ታጥቦ ስለሄደ ብላንክህ ይወርዳል። መያዣው አንቲቦዲ የመቁረጫውን ቦታ እንዳይደፍነው ብቻ አስቀድመህ በንጹሕ ኢንዛይም አረጋግጥ።

ከዚህም ወርዶ ማየት ለሚፈልግ አሚኖሉሲፈሪን ያለው ፔፕታይድ አለ፣ ለካስፔዝ የሚሸጡት ኪቶች ላይ የታወቀ ነው። ፔፕታይዱ ሲቆረጥ የተለቀቀውን አሚኖሉሲፈሪን ሉሲፈሬዝ የሚባለው ብርሃን የሚያወጣ ኢንዛይም ያበራዋል። ከውጭ የሚላክ ብርሃን ስለሌለ መነሻው ጨለማ ነው። የጉልበቱ ምሥጢርም ይኸው ነው፤ ከጨለማ የበለጠ የጸዳ ብላንክ ከየት ይመጣል? ሉሲፈሬዝን የሚገታ ነገር ናሙናህ ውስጥ ካለ ግን ያታልልሃል።

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። "ኢንዛይም አለው" የሚባለው የልብስ ሳሙና እውነት ፕሮቲዬዝ እንዳለው ለተማሪዎቼ ማሳየት እፈልጋለሁ። ማሽን የለንም። (ከጎንደር)

መልስ፦ አሮጌ የራጅ ፊልም ይፈልጉ፤ የበሽተኛ ስም ያለበትን ጥግ ቆርጠው ይጣሉ። ፊልሙ ላይ ያለው ጥቁር ብር የተያዘው በጄላቲን ነው። ጄላቲን ደግሞ ፕሮቲን ነው፤ ፕሮቲዬዝ ሲበላው ጥቁሩ ይለቅና ከሥሩ ፕላስቲኩ ይታያል። ሐኪሞችም ድሮ የሕፃናት ሰገራ ውስጥ ትሪፕሲን መኖሩን በዚህ ነበር የሚያዩት።

ሳሙናውን በለብ ያለ ውኃ በጥብጠው አንድ ጠብታ ፊልሙ ላይ ያድርጉ። እንዳይደርቅ እርጥብ ጨርቅ ያለበት ክዳን ያለው ዕቃ ውስጥ፣ 37 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቦታ፣ ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ያቆዩት፤ ከዚያ በቧንቧ ውኃ ቀስ ብለው ያጥቡት። ጄላቲን ሙቀት ላይ ራሱ ስለሚቀልጥ ከ40 ዲግሪ አያሳልፉት። አጠገቡ የግድ ሁለት ሌላ ጠብታ ይኑር፦ አንዱ ያው ሳሙና ለ10 ደቂቃ ፈልቶ የቀዘቀዘ፣ ሌላው ኢንዛይም የሌለው ሳሙና። የፈላውም ፊልሙን ካነጣው ሥራው የሳሙናው እንጂ የኢንዛይሙ አይደለም።

ብዙ የራጅ ፊልም በሁለቱም ፊት የተቀባ ስለሆነ አንዱን ፊት ብቻ ስትነኩ ሙሉ በሙሉ አይጠራም፣ ይደበዝዛል እንጂ። ተማሪዎቹ "አልሠራም" እንዳይሉ ቀድመው ይንገሯቸው። ፈሳሽ ሳሙና ከሆነ ደግሞ አንዳንዱ ውስጥ ኢንዛይሙ ጠርሙስ ውስጥ ሳለ ራሱን እንዳይበላ የሚያግት ነገር አለ፤ በውኃ ሲቀጥን ነው የሚለቀው። 10 እጥፍና 100 እጥፍ አቅጥናችሁ ጎን ለጎን ሞክሩት።